አባባ እንዴት አደሩ?

ሥራዬ ሴንሰር መግጠም ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ በሽታ ያለባቸው ሰዎች መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት ነጭ ሣጥን እሰቅላለሁ። ካሜራ የላትም። በሽተኛው እጅ ላይ የሚታሰር ነገርም የለም። ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ትለቃለች፤ ነጥሮ የሚመለሰውን ትለካለች። ደረት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ይታወቃታል።

ሐኪም በሽተኛውን የሚያየው በወራት አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። የዚያን ቀን ደግሞ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ውጦ፣ ለባብሶ፣ ቀጥ ብሎ ይገባል። የሌሊቱን ማን ያያል? እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዲና ካታቢና ባልደረቦቿ ከእንቅልፍ አተነፋፈስ ፓርኪንሰንን የሚለይ የኮምፒውተር ሞዴል ይዘው ሲመጡማ ቢሯችን ሰርግ ቤት መስሎ ነበር።

እኚህ አባባ ያገሬ ሰው ናቸው። ሣጥኗን በጠራራ ፀሐይ ገጠምኩ፣ ሞከርኩ፣ ባለቤታቸው እማማ ያፈሉትን ቡና ጠጥቼ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሪፖርት መጣ። ሌሊቱን ሙሉ መንቀጥቀጥ፣ በሴኮንድ 5 ጊዜ። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ስለሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ነርሷ ለነርቭ ሐኪማቸው ጻፈች። የፓርኪንሰን መድኃኒታቸው ሌቮዶፓው ይጨመር ወይ የሚል ነገር ተነሣ። ለቤተሰቡ መንገር የኔ ድርሻ ሆነ፤ አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

«እማማ፣ አባባ ሌሊት በጣም ይንቀጠቀጣሉ አይደል?»

«ማነው ያለው?»

«ማሽኑ።»

«ልጄ፣ እንቅልፍ ሲወስደው እጁ ጸጥ ነው የሚለው። እኔም እኮ የማርፈው ያኔ ነው።»

ክው አልኩ። ይሄ መንቀጥቀጥ እንቅልፍ ሲመጣ እንደሚተው የተማርኩት ነገር ነው። ሪፖርቱ እዚያው ገጽ ላይ «ተኝተዋል» ይላል፣ ከሥሩ «ይንቀጠቀጣሉ» ይላል። ሦስት ሰው አየነው፤ አንዳችንም አልባነንም።

ማታ ሄድኩ። እማማ አልጋውን አነጠፉና ቀና ብለው ሰንሰለት ሳብ አደረጉ። የኮርኒሱ ቬንትሌተር ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። አራት ክንፍ አለው። አንደኛው ክንፍ ላይ የቀለም ጠብታ ነበር፤ እሷን ምልክት አድርጌ በስልኬ ሰዓት ቆጠርኩ። በደቂቃ 75 ዙር። በአራት ክንፍ 300፤ በሴኮንድ 5። ከሣጥኗ እስከ ክንፉና እስከ አልጋው ያለው ርቀት ደግሞ እኩል ነው፤ ሣጥኗ ርቀት እንጂ ከፍታ አትለይም፤ የክንፉን ዙር የእጅ መንቀጥቀጥ አድርጋ ቆጥራዋለች። ቀን ስገጥም ቬንትሌተሩ ጠፍቶ ነበር። እኔም ቀና ብዬ አላየሁም።

ሣጥኗን ወደ ሌላ ግድግዳ አዞርኩ። መድኃኒቱም ሳይነካ ቀረ። አለቃዬ አንድ ሁለት ቃል ተናገረኝ፤ ይገባኛል።

አሁን ስገጥም የማመሸው ለዚህ ነው። «ለመኝታ የምታደርጉትን ሁሉ አድርጉ» እልና ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ላፕቶፕ የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። የአባባን ሪፖርት ግን ከመክፈቴ በፊት እማማ ጋ እደውላለሁ።

«አባባ እንዴት አደሩ?»