ላቫንዲኖ

ሰሞኑን አንድ የሰፈር ልጅ ደውሎ «እናንተ ጋማ ወይን እንደ ውሃ ነው አይደል?» አለኝ። ፎቶዬን አይቶ ነው። ከኋላዬ የወይን ተክል በተርታ ይታያል፣ ጫፉ ላይ አሮጌ ግንብ አለ። እኔም ስቄያለሁ። ፎቶ ላይ የማይስቅ ማን አለ?

ልክ ነው፣ ያለሁት ወይን አገር ነው። ጣሊያን፣ ፒየሞንቴ፣ ላንጌ የሚባሉት ኮረብታዎች ላይ። ባሮሎ የሚጠመቀው እዚህ ነው። በዚህ ስም ወይን እንዲያወጡ የተፈቀደላቸው 11 ከተማና መንደሮች ብቻ ናቸው። ፍሬው ኔቢዮሎ ነው፤ ሌላ ዘር ጠብ ማድረግ ክልክል ነው። ከለቀማው በኋላ ቢያንስ 38 ወር ይቀመጣል፣ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ሪዘርቫ የሚባለው፣ ረዥም የሚቆየው ዓይነት ከሆነ 62 ወር። የእኔ መኖሪያ ፈቃድ እንኳ ከዚያ ቀድሞ ወጣ።

እኔና ባሮሎ የተዋወቅነው ግን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ማጠብ ነበር። አንድ ቀን ለማታው ስንዘጋጅ፣ መደርደሪያው ላይ ብርሌ ወፍራ የመሰለች ትልቅ ብርጭቆ አየሁ። ውስጧ ወይን አለ። ቀለሙ ገርጥቶ ወደ ሸክላ ሄዷል። አጠገቧ ያለው ጠርሙስ ሥር ደግሞ ጥቁር አተላ ተጋግሯል። የትናንት ትራፊ ነው ብዬ ደፋሁት። ብርጭቆዋንም እስክታብረቀርቅ አጠብኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ለካ ኔቢዮሎ ሲያረጅ መልኩ እንደዚያ ነው። አተላውም ጤነኛ ነው። ወይኑ አየር እንዲያገኝ ተብሎ ቀደም ብሎ የተቀዳ፣ ከታናሽ ወንድሜ የሚበልጥ ባሮሎ ነበር፤ ለአንድ አዛውንት ልደት የታዘዘ።

ባለቤቱ መጣ። ብርጭቆዋን አንስቶ አሸተታት። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ማጠቢያውን አሸተተ። አንድ ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! ከደመወዜ አልቆረጠም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ «ላቫንዲኖ» ይለኛል። ዕቃ ማጠቢያ ማለት ነው።

በኋላ አቀመሱኝ። ያልበሰለ ሙዝ እንደ መንከስ ነው፣ ድድ ያኮማትራል። ወይን በኮካ ለለመደ ሰው ቅጣት ነው። አብሳዩ ሳቀብኝና ብራዛቶ አቀረበልኝ፤ እዚያው ባሮሎ ውስጥ ለሰዓታት የበሰለ የበሬ ሥጋ። ሥጋውና ስቡ ሲገናኙት ያ ሁሉ ማኮማተር ተገራ፣ የጽጌረዳ ሽታ ወጣ። ታያሪን የሚባል በእንቁላል አስኳል የተቦካ ቀጭን ፓስታም አላቸው፤ ቅቤ ይገባበትና የአልባ ከተማ ነጭ ትረፍል፣ ከመሬት ሥር የሚበቅል ሽታው ኃይለኛ እንጉዳይ፣ ይላግበታል። የትረፍሉ ደራ ወቅት ግን ከጽጌ ጾም ጋር ይገጥማል። በሽታው ብቻ ስንት ቀን ጾሜን እንደፈታሁ እግዜር ይወቅ።

ደግሞ እናንተን ማን ነገራችሁ፣ እነዚህ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ! በቢላ ከትከት አድርገው፣ ዘይትና ጨው ነካ አድርገው፣ በሥርዓት። እኛ እንበላለን ስላቸው ፊታቸውን ያጨማደዱት ራሳቸው ናቸው። ሚጥሚጣዬን ይዤ ሄድኩ። ሥጋውን ወደዱት፤ ከባሮሎው ጋር ሲጎነጩት ግን ሁሉም ውሃ ውሃ አሉ። በርበሬና ባሮሎ አይታረቁም፤ የወይኑ መራራነትና አልኮል ይባስ ይነድዳል። እኔም ለፋሲካ በዶሮ ወጥ ሞክሬ ተጸጽቻለሁ። ለዶሮው ጠጅ ይሻለዋል፣ አበቃ።

«ለለቀማ ልምጣ ወይ?» የምትሉኝ፣ ስሙኝ። የወቅት ሥራ ቪዛ ቢበዛ 9 ወር ነው። «እኔ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ካፖራሌ ይባላል፤ ከቀን ክፍያህ ላይ ይቆርጣል፣ ለመጓጓዣም ያስከፍልሃል። የ2016ቱ የጣሊያን ሕግ ደላላውንም አሠሪውንም ይቀጣል፤ ሕጉ ግን ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ሩቅ ነው። ወረቀት ሳትፈርሙ መኪና አትሳፈሩ። ኔቢዮሎ ከአካባቢው ወይኖች ዘግይቶ የሚበስል ነው፣ የሚለቀመው በጥቅምት ገደማ ነው። ጠዋት ጉሙ ወርዶ ከፊትህ ያለው ሰው አይታይም፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ ዘለላው ረጥቦ ይቀዘቅዛል። ጓንት ያዙ፣ ወፍራም። መቀሱ ግንዱንና ጣትን አይለይም፤ የእኔ ግራ ሌባ ጣት ላይ ምልክቱ አለ፣ ፎቶው ላይ ኪሴ ውስጥ የከተትኩት እሱን ነው።