አስተላላፊ አጠገብ ያለ ተቀባይ እንዳይቃጠል

ድሬዳዋ ውስጥ ግቢ ጠባብ ስለሆነ የማስተላለፊያው ዳይፖል (ሁለት ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና) እና የመቀበያው አንቴና ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ይጋራሉ። አስተላላፊው ከሚያወጣው 100 ዋት መቶኛው ብቻ ወደ መቀበያው ቢገባ 1 ዋት ነው፤ በ50 ኦም ላይ 7 ቮልት ማለት ነው። ርካሾቹ የአርቲኤል ኤስዲአር ዶንግሎች (ኮምፒውተር ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ሬዲዮ ተቀባዮች) የሚችሉት 10 ሚሊዋት ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የመግቢያው ቺፕ ይጎዳል። ክፋቱ ደግሞ ሬዲዮው ጨርሶ አይሞትም፤ ደካማ ጣቢያ መስማት ያቆማል፣ ሰውም አንቴናውን ይወቅሳል።

መጀመሪያ ለኩ። ገመዱን ከተቀባዩ ነቅላችሁ ጫፉ ላይ ሁለት የ100 ኦም ካርቦን ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን እሰሩ፤ በ5 ዋት እያስተላለፋችሁ ቮልቴጁን በኦሲሎስኮፕ (የሞገዱን ቅርጽ በሚያሳይ መለኪያ) ወይም በዳዮድ ፕሮብ (የሬዲዮ ሞገድን ወደ ቀጥታ ቮልቴጅ በሚቀይር መንኪያ) አንብቡ። ለ100 ዋት በ4.5 አባዙት። ተራ ቴስተር እንደ 7 ሜጋኸርዝ ያለ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን በትክክል ስለማያነብ አትመኑት። ሽቦው ከዳይፖሉ ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ንባቡ ይበዛል፤ መስቀለኛ ስታደርጉት ይቀንሳል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

የተለመደው መፍትሔ ሁለት 1ኤን4148 ዳዮዶችን (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) በተቃራኒ አቅጣጫ ከመግቢያው ወደ ግራውንድ ማሰር ነው። ብቻውን አይበቃም። በ1 ዋት 280 ሚሊአምፒር ያህል ይፈስባቸዋል፣ ያንን ይችሉታል፤ 10 ዋት ከመጣ ግን ይቃጠላሉ፣ ከተቃጠሉ በኋላም መከላከያ የለም። በዚያ ላይ ማታ ኃይለኛ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ሲገባ ዳዮዶቹ ራሳቸው ድምፆችን ያደባልቁና የሌለ ጣቢያ ይፈጥራሉ። በየአቅጣጫው ሁለት ሁለት ተከታታይ ዳዮድ ማድረግ ይህን ያቀለዋል፤ ገደቡ ግን ወደ 20 ሚሊዋት ስለሚወጣ ለዶንግል አንድ አንዱ ይሻላል፣ ከፊቱ የመካከለኛ ሞገድ ማገጃ ፊልተር ይግባ።

ዋናው ሥራ የሪሌይ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ሲሆን ስታስተላልፉ ተቀባዩን ከአንቴናው ይነጥላል። ቅደም ተከተሉ፦ አንቴና፣ 100 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ (ደረቅ አቧራማ ነፋስ ሽቦው ላይ የሚያከማቸውን ቻርጅ ያፈሳል)፣ ሪሌይ፣ አምፖል፣ ዳዮዶች፣ ተቀባይ። የሪሌዩ መሐል እግር ወደ አምፖሉ፣ ያለ ኃይል የሚዘጋው እግር ወደ ግራውንድ፣ ሌላው ወደ አንቴናው። መብራት ሲጠፋ ተቀባዩ ከአንቴናው ተነጥሎ ይቆያል ማለት ነው። የሪሌዩን ኮይል (መጠምጠሚያውን) በ2ኤን2222 ትራንዚስተር ንዱ፤ ቤዙን (የትራንዚስተሩን መቆጣጠሪያ እግር) በ4.7 ኪሎ ኦም ከ12 ቮልት አገናኙ፣ የአስተላላፊው መቆጣጠሪያ መውጫ ስታስተላልፉ ቤዙን ወደ ግራውንድ ይሳበው፤ ያኔ ሪሌዩ ይለቃል።

ከተበላሸ ስታብላይዘር የወጣ ሪሌይ ያጓጓል፤ ግን ለትልቅ ከረንት የተሠራ ስለሆነ በደካማ ሲግናል ኮንታክቱ ያስቸግራል። ከአሮጌ ፋክስ ወይም ሞደም ቦርድ የሚወጣው ትንሹ ይሻላል። ኮይሉ ላይ የምትጨምሩት 1ኤን4007 ዳዮድ ትራንዚስተሩን ያድናል፣ ሪሌዩን ግን በጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ ከእሱ ጋር በተቃራኒ ፊት የ12 ቮልት ዜነር ዳዮድ በተከታታይ ጨምሩ፣ ቶሎ ይለቃል። ሪሌዩ እስኪለቅ ባለችው ክፍተት ተቀባዩን የሚጠብቁት የመግቢያው ዳዮዶች ናቸው።

አምፖሉ የባጃጅ ዳሽቦርድ 12 ቮልት 1.2 ዋት ይሁን። ቀዝቃዛ ሳለ 12 ኦም ገደማ ስለሆነ የሚያጠፋው 1 ዴሲቤል ነው፤ ሲግል ወደ 100 ኦም ወጥቶ በዳዮዶቹ የሚፈሰውን 280 ሚሊአምፒር ወደ 90 ያወርደዋል። ሳጥኑ ላይ ቀዳዳ አበጁለት፦ ስታስተላልፉ ከበራ ሪሌዩ አልለቀቀም።

የጋዝ መከላከያ ቱቦ ለመብረቅ ጊዜ ነው፤ በ90 ቮልት የሚነሳው ለ7 ቮልት አይነቃም።