«ባዶ ጨርቅ ነው የላክሽልኝ»

ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ያቺ የስልክ ጥሪ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ግን አሁንም ሆዴ ይባባል።

ሙያውን የተማርኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስሙን ያወጣለት የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ጩኸት ነው። ያስተማሩኝ ጋሼ እዚያው በራፍ ላይ ሲንጀራቸውን በእግር እየረገጡ ስንት ሙሽራ አልብሰዋል። መቀስ፣ ሜትር፣ የሳሙና ስባሪ፣ የከሰል ካውያ። ሌላ ዕቃ የላቸውም፣ አይፈልጉምም። «እጅሽ ያላወቀውን ዕቃ አያውቅልሽም» ይሉኛል።

በዚህ ከእሳቸው ጋር አልስማማም። እያከበርኳቸው ነው የማልስማማው። እኔ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነው የምሠራው፤ ትንንሾቹ ዕቃዎች ተጨማሪ እጅ ሆነውልኛል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምታሳልፈውን ስስ ሽቦ ውሰዱ። ማታ በአምፖል ብርሃን ጥቁር ክር ስታስገቡ ዋጋዋ ይገባችኋል። ስፌት መፍቻዋም እንደዚያው። ሁለት ጥርስ አላት። አንዱ ረጅምና ሹል ነው። ሌላው አጭር ሆኖ ጫፉ ላይ ቀይ ዶቃ አለው። ዶቃዋን ብዙ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች። አይደለችም። ረጅም ስፌት በአንዴ ስትከፍቱ ዶቃዋ ከታች በጨርቁ በኩል ትሄዳለች፣ ሹሉ ጨርቁን እንዳይወጋው። ጋሼ ስፌት የሚፈቱት በምላጭ ነው። የእሳቸው እጅ አይስትም። በምላጭ የተቀደደ የሰው ልብስ ይዘው እያለቀሱ የመጡልኝን ሰዎች ግን እኔ ነኝ የማውቃቸው። ማግኔትም አለኝ። አንድ ቀን የወደቀ ስፒል ልጄ እግር ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ወለሉን በማግኔት ሳላስስ አልተኛም።

አንድ ነገር ብቻ መላ አጥቼለት ነበር። ነጭ ሸማ ላይ የጥልፍ ንድፍ መሳል። ሳሙና ነጭ ላይ አይታይም። እርሳስ ይታያል፣ ግን ታጥቦም አመድማ ጥላ ይተዋል። ባለቀለም ጠመኔ ጨርቁ ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ይረግፋል። ስለዚህ ድሬዳዋ ወርጄ አንድ ሱቅ ውስጥ «የሚጠፋ እስክሪብቶ» ሳገኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ቀለሙ ጥቁር፣ ጫፉ ቀጭን። ሻጩን «በምንድን ነው የሚጠፋው?» አልኩት። «በውሃ» አለኝ። ጠይቄያለሁ። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ያላወቁትን ነገር ለሰው በልበ ሙሉነት መናገር የሰው እንጀራ ላይ መቆም ነው።

የሚጠፋ እስክሪብቶ ሁሉ አንድ አይደለም። በውሃ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። እሱን ሳታጥቡ ካውያ ካሳረፋችሁበት ጨርቁ ላይ ሊቀር ይችላል። ሐምራዊው ደግሞ በራሱ ጊዜ፣ በአየር ብቻ ይጠፋል፤ ዛሬ ስላችሁ ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ። ሦስተኛው በሙቀት የሚጠፋው ነው። 60 ዲግሪ ሲደርስ መስመሩ ዓይናችሁ እያየ ይሰወራል። ቀለሙ ጨርቁን ለቆ አይሄድም፤ እዚያው ሆኖ መታየት ያቆማል። ለዚህም ነው ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጣ ያለ ምልክት የሚተወው። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር።

ሥራው ለመልስ የሚለበስ ነጭ ቀሚስ ነበር። ሙሽራዋ የድሬ ልጅ ናት። ሠርጉ እሑድ ነው። ልኳን ወስጄ ቆረጥኩ። ከዚያ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ የመስቀል ንድፍ ሳልኩ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ። ጥልፉን በመኪና የሚጠልፉልኝ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያሉ እትዬ ናቸው። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቀሚሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ለሚኒባስ ሹፌር ሰጠሁት። ሹፌሩ ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጠው። «እዚህ ከሆነ አይጠፋም» አለኝ።

7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንቺ፣ ምንድን ነው የላክሽልኝ?»

«ቀሚሱን ነዋ፣ እትዬ።»

«ቀሚሱንማ ይዤዋለሁ። ንድፉስ?»

«ደረቱ ላይ ነው የሚጀምረው። እስከ ታች ይወርዳል።»

ዝም አሉ። ጨርቁ ሲገላበጥ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ባዶ ጨርቅ ነው የላክሽልኝ።»

«እትዬ፣ እስቲ በደንብ ይዩልኝ። በግልባጩ ይዘውት እንዳይሆን።»

«አቦ! ዕድሜዬን ሙሉ ጠልፌ ግልባጭ ልታሳዪኝ ነው? ካልደረሰልሽ አልደረሰልኝም በይ። ሰው ላይ ማላከክ ምን ይባላል?»

ስልኩ ተዘጋ። ማላከክ። ስድብ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ከሁለት ሌሊት ጉንበሳ በኋላ አንገቴ አልዞር ብሎኝ ነበር። የሌባ ጣቴ ጎን በቀለሙ እንደጠቆረ ነው። ጣቴን ዓይኔ ላይ ተክዬ ቆምኩ። መሳሌን ራሴ የተጠራጠርኩባት አንዲት ቅጽበት ነበረች። ሹፌሩ ፌስታሉን ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ለውጦት ይሆን? እንዳልል፣ ቀሚሱን ራሳቸው «ይዤዋለሁ» ብለዋል። ያጠበውም ሰው የለም። ውሃ ሳይነካው በምን ጠፋ?

የመርፌ ቆርቆሮዬን ገለበጥኩት። እስክሪብቶው የመጣበት ወረቀት እዚያ ውስጥ ነበር። ጽሑፉን ማንበብ አልችልም፣ ሥዕሎቹ ግን ይገባሉ። ካውያ፣ አጠገቡ 60። ከሥሩ ደግሞ የበረዶ ሥዕል፣ አጠገቡ የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር።

ያኔ ሁሉም ነገር በራልኝ። ከሐረር ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ይበልጣል፤ ድሬ ወደ 1,200 ትወርዳለች። የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጃኬት የለበሰ ሁሉ ያወልቃል። በቀትር ፀሐይ፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣ መስታወት ሥር የተቀመጠ ጨርቅ 60 ዲግሪ ለመድረስ ካውያ አያስፈልገውም።

ወዲያው አልደወልኩም። ሁለተኛ ጊዜ «ማላከክ» መባል አልፈለግኩም። ሙቀት ያጠፋውን ብርድ ይመልሰው እንደሆነ ልሞክር ብዬ ከተረፈው ሸማ ቁራጭ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ካውያ አሳረፍኩበት፤ ጠፋ። ቁራጯን በፌስታል አድርጌ ሰፈራችን ያለው ጁስ ቤት ሮጥኩ። ልጁን ለምኜ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጠልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አውጥቼ ስዘረጋት መስመሩ አለ። ሳሳ ብሏል፣ ግራጫ ሆኗል፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለ። እዚያው ጁስ ቤቱ ውስጥ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ነው የደወልኩት። «እትዬ፣ ቀሚሱን በንጹሕ ፌስታል ያስሩትና ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩልኝ» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አሞሻል?» አሉኝ በመጨረሻ። በእናታቸው ስም ለመንኳቸው። ጎረቤታቸው በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ እሱ ዘንድ አሳደሩት።

ሐሙስ ጠዋት በቴሌግራም ፎቶ መጣልኝ። መስቀሎቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸው ላይ ናቸው። ከፎቶው ሥር አንድም ቃል አልነበረም።

በስልክ የነገርኳቸውን ሁሉ አደረጉ። መጀመሪያ መስመሩን ተከትለው በክር ወሰወሱት፣ ድጋሚ ቢጠፋ እንኳ መንገዱ እንዲቀር። ጥልፉ እስኪያልቅ ካውያ አላስጠጉትም። በጣት አጥብቆ ማሸትም ክልክል ነበር፤ ማሸት ያሞቃል፣ እስክሪብቶው ጫፍ ላይ ያለችው ላጲስ የምታጠፋው በዚሁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቀሚሱ አለቀ። ሲተኮስ የተረፈው መስመር ሁሉ ሄደ። ነጩ ሸማ ላይ አንዲት ጭረት አልቀረችም። እርሳስ ይህን አያደርግልኝም ነበር፤ ይህን ለእስክሪብቶው መመስከር አለብኝ። ዛሬም ቤቴ ውስጥ እሠራበታለሁ። ወደ ድሬ የሚወርድ ጨርቅ ከሆነ ግን ንድፉን በክር ሳልወሰውስ አልልከውም።

እትዬ ይቅርታ አላሉኝም። ባለፈው ጥምቀት አንዲት ደንበኛዬ «ሳቢያን ያሉት ጠላፊ የጠፋ ንድፍ በፍሪዘር መለሱ አሉ» ብላ በአድናቆት አወራችኝ። ዝም ብዬ ሰማኋት። ዛሬ ግን ልናገረው፦ ፍሪዘሩን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ንድፉንም የሳልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሌሊት።

ሳምንቱ እንዳለፈ ያቺን የሸማ ቁራጭ ይዤ መኪና ግርግር ሄድኩ። ጋሼ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጨዋታውን ሁሉ ሲሰሙ አንገታቸውን እየነቀነቁ ነበር። ከዚያ ቁራጯን ከእጄ ተቀበሉኝ። የከሰል ካውያቸውን አንስተው ቀስ ብለው አሳረፉባት። መስመሩ ጠፋ። መነጽራቸውን አውርደው ወደ ብርሃኑ ዘረጓት። ገለበጧት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

እስክሪብቶውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቁራጯን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

«እስቲ ሌላ አስምሪባት» አሉኝ።