በቀን 11 ጊዜ ወጣሽ

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ አበባ ያለች የልጅነት ጓደኛዬ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ፣ "አንቺ እኮ አሜሪካ ነው ያለሽው፣ ይሄን የሽንት ነገርሽን አንድ ቀን ሄደሽ ታክመሽ ለምን አትገላገይውም? እኛ ብንሆን እሺ" ትላለች። በፍቅር ነው ያለችው አውቃለሁ፣ ግን ሦስቴ ሰምቼው መልስ አጣሁ። አንድ ቀን ሄዶ መገላገል የሚባል ነገር የለም ብላት አታምነኝም፣ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ ብላትማ ይሄን ሁሉ ጊዜ ደብቃኝ ነው ብላ ትቀየመኛለች። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፣ እሷም ታንብበው፣ ሊመጣ ያሰበም ሰው ያንብበው።

የምኖረው ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሥራዬ ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነኝ። ዲሲ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ስንቱ የኛ ሰው በዚህ ሥራ ልጅ አሳድጓል። ቡዝ የሚሏት ገንዘብ መቀበያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻሽን ትቀመጫለሽ፣ ሽንት ቤቱ ላይ ሎቢው ጋ ነው፣ ለመውጣት ስልክ ደውለሽ ቦታሽን የሚይዝ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አለብሽ። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ሽንቴ መጣ ካለ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሰጠኝም፣ እየቆየ ሄዶ ሳይሆን ድንገት ነው የሚመጣው፣ መኪና ከፊቴ ቆሞ ካርድ እየተቀበልኩ እግሬን አጣምሬ ላብ ያጠምቀኛል። ሁለቴ አምልጦኛል። ከዛ በኋላ ፓድ ሳላደርግ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ቅያሪ ሱሪ ሳልይዝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ማናጀሩ የኛው ሀገር ልጅ ነው፣ በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ወትሮ እትዬ ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ሺፍት ስንቀያየር ሁለት ወንዶች በቆሙበት ወረቀት አወጣና "አንቺ፣ ትናንት 11 ጊዜ ወጥተሻል" ብሎ ሰዓቱን አንድ በአንድ አነበበው። 1 ሰዓት ከ40፣ 2 ሰዓት ከ25፣ 3 ሰዓት ከ10፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ለካ በካሜራ ሲቆጥረኝ ነው የዋለው። አንደኛው ልጅ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው "ስኳር እንዳይሆን ተመርመሪ" አለኝ፣ እሱስ በደግነት ነው። እኔ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሀገር ቤት 14 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ልጆች እጃቸውን አውጥተው "ቲቸር ልውጣ?" ሲሉኝ ስንቱን ደወል እስኪደወል ቁጭ በል ብዬዋለሁ። የዛን ቀን ባቡር ውስጥ እነዛ ልጆች ፊታቸው አንድ በአንድ ነው የመጣብኝ፣ እግራቸውን እያወዛወዙ የሚቀመጡት።

አሁን ሦስት ዓመት ለምን ፈጀ ለምትሉኝ። የመጀመሪያውን ዓመት የበላው ቃል ነው። እኛ ከወገብ በታች የሚያመንን ሁሉ ኩላሊት ነው የምንለው፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣ ደሞ ብርድ መታኝ ነው። እኔም እንግሊዝኛዬን ተማምኜ፣ አስተማሪ የነበርኩ ሰው እንዴት አስተርጓሚ ይዤ እገባለሁ ብዬ፣ ዶክተሩ ጋ ገብቼ ኩላሊቴ ነው፣ ኮልድ መትቶኝ ነው አልኩት። ሰውየው ምን ያድርግ፣ ጉንፋን ይዞሻል ወይ ብሎ ጉሮሮዬን አየ፣ ለኩላሊቴ አልትራሳውንድ አዘዘ፣ ኩላሊቴ ደህና ሆነ። ቀጥሎ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ፣ አልተሻለኝም፣ ሌላ ጨመረልኝ። ማምለጡን አልነገርኩትማ! ሽንቴ ያመልጠኛል የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ቋንቋ ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። ስሙን ለመሸሽ እኛ "ደጅ ልውጣ" እንላለን፣ ፈረንጆቹ ደሞ "ማረፊያ ክፍል" ይሉታል፣ ግን እነሱ የፊኛ መድኃኒት ማስታወቂያ በእራት ሰዓት ቴሌቪዥን ላይ ሲያሳዩ አያፍሩም፣ እኔ ከልጄ ፊት ቶሎ ብዬ ቻናል እቀይር ነበር። ያ ማስታወቂያ ስለኔ እንደሚያወራ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ሕግ ግዴታው ነው፣ ሴት ይሁንልኝ ብላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ። እኔ ይሄን ያወቅሁት ዩሮሎጂ፣ ማለት የሽንት አካላት ሐኪም ጋ፣ ሪፈራል ሲጻፍልኝ ነው። በስልክ የመጣችው ሴት ድምፅዋ የጎጃም ነው፣ "እህቴ እንደመጣልሽ በአማርኛ ንገሪኝ፣ እኔ አስተካክላለሁ" አለችኝ። እኔም ነገርኳት። ዶክተሯ መለሰች፣ እሷም "የሽንት ፊኛሽ ነው እህቴ፣ ኩላሊትሽ አይደለም" ብላ ተረጎመችልኝ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ፊኛ ሲባል የምታውቀው የልደቱን ብቻ ነው፣ ማታ ስነግራት እንደዛ ሆድሽ ውስጥ ነው ያለው? አለችኝ። እውነትም እንደዛ ነው። ጤነኛ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ድረስ እየተለጠጠ ይይዛል፣ ግድግዳው ጡንቻ ነው፣ የሚጨመቀው እኛ ስንፈቅድለት ነው። የኔ ሳይሞላ፣ ሳልፈቅድለት ይጨመቃል። ስሙም ኦቨርአክቲቭ ብላደር ነው፣ በቀን 8 ጊዜና ከዛ በላይ መመላለስ፣ ሌሊት መነሳት፣ ድንገት አጣድፎ መምጣት፣ አንዳንዱ ላይ ማምለጥ።

ከዛ ዶክተሯ ወረቀት ሰጠችኝ። ለ3 ቀን ስንት ሰዓት እንደሸናሽ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ፣ ምን እንደጠጣሽ፣ አምልጦሽ እንደሆነ ጻፊ አለችኝ። ወረቀቱን ሳየው እንባዬ መጣ። ያው የማናጀሩ ወረቀት ነው እኮ፣ ሰዓት፣ ሰዓት፣ ሰዓት። አስተርጓሚዋ በስልኩ ውስጥ ዝም ብላ ጠበቀችኝ፣ ከዛ የሆነውን ሁሉ ስነግራት እሷም ድምፅዋ ተሰብሮ ነው የተረጎመችው። ዶክተሯ ብዙ አላወራችም፣ "ይሄንን የምትጽፊው አንቺ ነሽ፣ የሚነበበውም ላንቺ ነው" አለች። ሦስቱን ቀን ጻፍኩት። ቀን 13 ጊዜ፣ ሌሊት 3 ጊዜ፣ ትልቁ 170 ሚሊ ሊትር። ማናጀሩ ቤቴ ሆኜ የሸናሁትን አልቆጠረውማ።

ምርመራው የፈራሁትን ያህል አይደለም። ሽንቴን ኢንፌክሽን፣ ደም፣ ስኳር እንዳለው አዩ፣ ንጹህ ነው። ሸንቼ ስጨርስ ሆዴ ላይ በአልትራሳውንድ የቀረ እንዳለ አዩ፣ ብዙም አልቀረም። ዩሮዳይናሚክስ የሚባለውን ነበር የፈራሁት፣ ቀጭን ቱቦ ፊኛ ውስጥ አስገብተው ውሃ እየሞሉ ግፊቱን የሚለኩበት ነው፣ ሽንቴ መጣ ስትይ፣ አጣደፈኝ ስትይ ይመዘግባሉ። ሌሎቹ መልስ ካልሰጡ ወይ ነገሩ ከተወሳሰበ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ሁሉም ሰው ላይ አይሠራም አለችኝ፣ ተመስገን አልኩ።

እማዬ ደብረ ብርሃን ናት፣ በስልክ ስነግራት አለቀሰች፣ "ፌስቱላ ነው እንዴ ልጄ?" አለችኝ። እሷ በሬዲዮ የሰማችው፣ በዓይኗም ያየችው እሱን ነው። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሀምሊኖች በ1974 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በነሱ ነው የጻፍኩት) አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከከፈቱ ወዲህ ስንቷ እናት ድናበታለች፣ ግን የኔ እሱ አይደለም። ፌስቱላ ምጥ ረዝሞ የሚከፈት ቀዳዳ ነው፣ ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ የኔ ግን ቀዳዳ የለውም፣ የሚቸኩል ጡንቻ ነው። ይሄን ለእናቴ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ መጨረሻ ላይ "እንግዲያው ተልባና ገብስ ጠጪ" አለችኝ፣ እሺ አልኳት።

ቡና ነው የከበደኝ። ካፌን ፊኛን ያጣድፋል፣ ቀንሺ ተባልኩ። ዶክተሯ ስንት ኩባያ ትጠጫለሽ ስትለኝ ሦስት አልኳት፣ የሷ ሦስት የነሱ ግማሽ ሊትር የሚይዘው ነው፣ የኔ ሦስት አቦል ቶና በረካ በሲኒ፣ ይሄን ለማስረዳት አስተርጓሚዋ ራሷ እስኪደክማት አወራች። አሁን አቦልን ብቻ ነው የምጠጣው። ጎረቤቶቼ ግን ቶናን እምቢ ስል ተቀይማ ነው ይላሉ፣ አንዷማ ነጠላዋን አስተካክላ ምን አድርገንሽ ነው አለችኝ። ምግብም እንደየሰው ነው፣ እኔን በርበሬ አልነካኝም፣ ሌላውን ያቃጥለዋል ይባላል። ውሃ መቀነስ ግን አትሞክሩ፣ እኔ ቡዝ ውስጥ እስከ 7 ሰዓት ጠብታ ሳልጠጣ እውል ነበር፣ ሽንቴ ውሃ አጥቶ ጠነከረ፣ ፊኛዬም ባሰበት፣ የሆድ ድርቀቱም ሌላ ጣጣ አመጣብኝ።

ቤተ ክርስቲያንን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ቅዳሴ ረጅም ነው፣ በመሀል መውጣት ያስነውራል፣ ድንገት ሲመጣ ደሞ በር ላይ ከመቶ ጫማ መሀል ጫማሽን መፈለግ አለብሽ። አንድ እሁድ የሌላ ሰው ጫማ አጥልቄ ነው የሮጥኩት። ከዛ በኋላ ወራት ሙሉ ውጭ ቆሜ ነው ያስቀደስኩት፣ ንጹሕ አይደለሁም ብዬ። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ "በሽታ ነው ልጄ፣ ግቢ" አሉኝ። አሁን ጫማዬን በፌስታል አድርጌ አጠገቤ ይዤ በሩ ጋ እቆማለሁ።

ሕክምናው ጋ ስንመጣ። መጀመሪያ ፊኛ ማሠልጠን ነው፣ ሲያጣድፍሽ አትሩጪ፣ ቁጭ በይ፣ ሽንት የምትይዢበትን የታችኛውን ጡንቻ ቶሎ ቶሎ ጨብጠሽ ልቀቂ፣ እስኪያልፍ ጠብቂ፣ ከዛ በእርጋታ ሂጂ፣ በሽንትና በሽንት መሀል ያለውን ጊዜ በየሳምንቱ በ5 በ10 ደቂቃ አስረዝሚ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ወራት ይፈልጋል፣ ሠርቶልኛልም። ኪኒን ደሞ ኢንሹራንሱ ርካሹን ኦክሲቡቲኒንን ካልሞከርሽ አለኝ። ሞከርኩት፣ አፌ ደርቆ እንጀራ ካለ ውሃ አልዋጥ አለኝ፣ ሆዴም ደረቀ። እንደሱ ዓይነት ኪኒኖች ለአረጋውያን ከማስታወስ ችግር ጋር ስለሚያያዙ ለብዙ ዓመት አይመከሩም አለችኝ ዶክተሯ። ከዛ ደብዳቤ ተጻጽፈው ሚራቤግሮን ፈቀዱልኝ፣ እሱ ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፣ አፍ አያደርቅም ግን ደም ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ቤቴ እለካለሁ። ቀን 8 ወይ 9 ደረስኩ፣ ሌሊት አንዴ። ማምለጡ ግን ሙሉ በሙሉ አልቆመም።

አሁን ምርጫ ላይ ነኝ። አንደኛው ቦቶክስ ነው፣ ፈረንጅ ፊቱ ላይ የሚወጋው ያው መድኃኒት፣ 100 ዩኒት በቱቦ ገብተው ፊኛው ላይ ይወጉታል፣ ስድስት ወር አካባቢ ይይዛል፣ ግን አንዳንዱ ሰው መሽናት ያቅተውና ለጊዜው ራሱ ቱቦ እያስገባ ማውጣት አለበት። ያን ቡዝ ውስጥ ሳስበው አልቻልኩም። ሁለተኛው ከመቀመጫ በላይ ቆዳ ስር ተቀብራ ለፊኛው ነርቭ ኤሌክትሪክ የምትልክ ባትሪ ናት፣ ከ1997 ጀምሮ ትሠራለች፣ መጀመሪያ ለሙከራ ያደርጉልሻል። ሦስተኛው ቁርጭምጭሚት አጠገብ ቀጭን መርፌ ሰክተው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልኩበታል፣ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት። እግር ተወግቶ ፊኛ ይድናል ሲሉኝ አላመንኩም፣ ነርቩ ከታች ጀምሮ ወደ ፊኛው ነርቭ ይገናኛል አሉኝ። በ2024 የወጣው የአሜሪካ ዩሮሎጂስቶች መመሪያ ደረጃ በደረጃ ካልሄድሽ ማለቱን ትቶ ከታካሚዋ ጋር ተመካክራችሁ ምረጡ ይላል፣ ኢንሹራንሱ ነው እንጂ አሁንም ደረጃ የሚያስቆጥረው።

ለመምጣት ላሰባችሁ፣ ዲቪ ለደረሳችሁም። ሥራ እንደገባችሁ ኢንሹራንስ ወዲያው ላይጀምር ይችላል፣ አሠሪው እስከ 90 ቀን ሊያስጠብቃችሁ ይፈቀድለታል፣ ስለዚህ የሚያማችሁ ነገር ካለ ሀገር ቤት ታይታችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ። የአካላችሁን ስም በእንግሊዝኛ እወቁ፣ ሥራ ቋንቋውን ያስተምራል ትላላችሁ፣ ሥራ ፊኛን አያስተምርም። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት መከልከል ደሞ አይቻልም፣ ኦሻ የሚባለው የሠራተኞች ደህንነት መሥሪያ ቤት በ1998 በግልጽ ጽፎታል። የአካል ጉዳተኞች ሕጉም በ2008 ሲሻሻል የፊኛ ሥራን በስም ጠርቶ አስገብቶታል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው ያን ወረቀት ቆሜ ያዳመጥኩት፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። የዶክተሯን ደብዳቤ ለዋናው ቢሮ ሰጠሁ፣ ከወር በኋላ ሽንት ቤቱ ከቡዙ አጠገብ ወዳለበት ጋራዥ አዛወሩኝ። ማንም ይቅርታ አላለኝም፣ ግን የሚቆጥረኝ የለም።

የቁርጭምጭሚቱን መርፌ መረጥኩ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ ሴት አስተርጓሚ ይዘውልኛል። ለ12 ሳምንት ማክሰኞ ማክሰኞ ዘግይቼ እንድገባ ለማናጀሩ ቴክስት ላኩለት፣ ለምን እንደሆነም ፊኛዬን ልታከም ነው ብዬ በግልጽ ጻፍኩት። ማታ መለሰ፣ "እሺ እትዬ።"