ትንፋሽ ለምኜ ሳቅ ተሰጠኝ

ድሬዳዋ በግንቦት እንዴት እንደምትሆን የድሬ ልጅ ያውቃል። ማታ ፍራሽ ተይዞ ወደ ግቢ ይወጣል። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ እኔ ግን በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ሌሊት ልብሴ በላብ ይርሳል። ግራ ጎኔን ይወጋኛል። ከአልጋ ተነስቼ በሩ ጋ እስክደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «ብርድ መቶሽ ነው» ብለው መርፌ ወጉኝ። በዚያው አንድ ወር አለፈ።

ኋላ ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ስነሳ ግራ ሳንባዬ በውሃ ተሸፍኖ ተገኘ። ቲቢ ነበር። ጎኔን በትንሹ ቀደው ቱቦ አስገቡልኝ። የቱቦው ሌላ ጫፍ አልጋዬ ስር የተቀመጠ፣ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገባ። «ጠርሙሱን ከደረትሽ ከፍ እንዳታደርጊው፣ የወጣው ተመልሶ ይገባል» ተባልኩ። ከጎኔ የሚወርደው ፈሳሽ ቢጫ ነው፣ ልክ ብርዝ ይመስላል። በአንዴ ሁሉንም አያወጡትም። አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ሲወርድ ቱቦውን ይቆልፉታል። ታፍኖ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲዘረጋ ይጎዳል አሉኝ።

የዚያን ቀን ሌሊት መተኛት አልቻልኩም። ትራስ ታቅፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ልጆቼ ቤት ከእህቴ ጋር ናቸው። በጨለማው ውስጥ የቁልቢውን ገብርኤል ጠራሁት። «ትንፋሼን አስመልስልኝ። ዳገትህን በእግሬ ወጥቼ ጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሌላ ምንም አልለመንኩም። መሳቅ የሚባል ነገርማ ከነመኖሩም ረስቼው ነበር።

ጠዋት ሲስተሯ መጣችና አንድ የእጅ ጓንት ሰጠችኝ። «እንደ ፊኛ ንፊው» አለችኝ። ለካ ጓንት ሲነፋ ሳንባ እየተከፈተ ይሄዳል። ባለኝ አቅም ነፋሁት። አራቱ ጣት ተኝቶ አንዱ ብቻ ቀጥ አለ።

ከጎኔ ባለው አልጋ አንዲት አዴ ተኝተዋል፤ እኛ ጋ ትልልቅ እናቶችን አዴ ነው የምንላቸው። ከፊራ ገበያ አትክልት ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። በስኳር ምክንያት እግራቸው ቆስሎ ነው የገቡት። ጓንቱን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይቺ ፍየል ነጥፋለች። አንድ ጡት ብቻ ነው የቀራት!» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። ጎኔን ወጋኝ፣ ግን ማቆም አልቻልኩም። ስስቅ ደግሞ አልጋዬ ስር ያለው ጠርሙስ ቡልቅ ቡልቅ አለ። አዴ ከአልጋቸው ጎንበስ ብለው አዩና ጮኹ። «ኧረ እዩአት! ቁርስ ሳትበላ ሺሻ ጀመረች!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችው ሶማሌዋ ልጅ እንኳን ዞረች። አማርኛ ብዙም አትሰማም፤ ሺሻን ግን ድሬ ላይ ማን ያጣዋል? ሲስተሯ የሆነ ነገር የተፈጠረ መስሏት እየሮጠች መጣች። ጠርሙሱን አየች፣ ቱቦውን አየች። «ጎሽ! እንዲህ ሳቂ! ሳቅም ሳልም ውሃውን ያወጣዋል» አለችኝ።

እዚያች ቅጽበት ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ሌሊት ትንፋሽ ለምኜ ነበር። ጠዋት በአንድ አሮጊት አፍ መጣልኝ። ሣራ ይስሐቅን ስትወልድ እግዚአብሔር ሳቅ አደረገልኝ ማለቷን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ትርጉሙ የደረሰኝ ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ክፍላችን ሌላ ክፍል ሆነ። ከሰዓት ሲሆን የጓንት ውድድር አለ። አስታማሚዎቹም ይነፋሉ። ሶማሌዋ ልጅ በእስክሪብቶ ዓይንና አፍ ትስልበታለች፤ አምስቱ ጣት የአውራ ዶሮ ኩክኔ ይሆናል። አራት ጣት ያቆምኩ ቀን አዴ እልል አሉ። መድኃኒት የጀመርኩ ሰሞን ደግሞ እህቴ ፖፖዬን ልትደፋ ወጥታ እየጮኸች ተመለሰች። «ደም! ደም!» ሽንትን ቀይ የሚያደርግ መድኃኒት እንዳለ ለእኔ ነግረውኛል፣ ለእሷ መንገር ረስቼ ነው። አዴ በረጋ ድምፅ «አብሽሪ፣ ቪምቶ ነው» አሏት።

እውነቱን ለመናገር ጠያቂዎች ከበሽታው በላይ ያደክሙኝ ነበር። ሰው ወዶ ነው የሚመጣው፣ አውቃለሁ። ግን በር ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ምነው እንዲህ ገረጣሽ! የአጎቴም ሚስት እንዲሁ ጀምሯት ነው» ይላል። እባካችሁ፣ በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሳቅ ይዛችሁ ሂዱ። ብርቱካን ባትይዙም ግድ የለም።

ሁልጊዜም አልሳቅንም። አንድ ሌሊት በር አጠገብ የተኙ እናት አረፉ። ሁለት ቀን ማንም ጓንት አልነካም። አዴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዱዓ ሲያደርጉ እኔም በልቤ አባታችን ሆይ እል ነበር። በሦስተኛው ቀን የሟች ልጅ ዕቃ ልትወስድ መጣች። ዓይን የተሳለበትን ጓንት አይታ «እማዬ እናንተን እያየች ትስቅ ነበር» አለችን። ጓንቱን ሰጠናት። ይዛው ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን ቱቦው ወጣልኝ። ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳላቋርጥ ዋጥኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ ከዚያ ሁለት ዓይነት። ኅዳር ላይ ሲያልቅ የተነሳሁት ራጅ ንጹሕ ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን! የሐኪሞቹንም እጅ ይባርክ።

ታኅሣሥ 19 ከመሄዴ በፊት አዴ ቤት ሄድኩ። እግራቸው ድኗል። መቀነታቸውን ፈተው ብር ሰጡኝ። «ለገብርኤል ሻማ ግዢልኝ። እኔም ያንቺን ነገር ነግሬው ነበር» አሉኝ።

ደንገጎን አልፈን ቁልቢ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆምኩት፣ እሱም ሕዝቡ መንገድ ስለዘጋ ነው። ጥላውን አስገባሁ። የአዴን ሻማ አበራሁ። ከዚያ ወደ ዳር ወጥቼ ደወልኩላቸው።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ አዴ።»

«ጓንቱንስ ይዘሻል?»

ይዤው ነበር፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ነፋሁት። አምስቱም ጣት ቆመ።