የሌሊት ሰው

ቅዳሜ ነው። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ ውስጥ ተኝቷል። መስኮቱ ላይ ጋቢ ተሰቅሏል። ጋቢው የእኔ ነው። ጥግ ላይ ያለው ቀዳዳ እኔ በምስማር ስሰቅለው የተቀደደ ነው።

ያኔ ከከተማ ወጣ ያለ የውሃ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ጥራት ቁጥጥር። በየግማሽ ሰዓቱ ከመስመሩ ጠርሙስ አነሳለሁ፣ የክዳኑን መጥበቅ እለካለሁ፣ ወደ መብራት ከፍ አድርጌ ውስጡን አያለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ሥራው እንኳ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ሰዓቱ ነው። ሦስት ፈረቃ አለ፦ ከጠዋቱ 12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከ4 እስከ ንጋቱ 12። በየሳምንቱ ይዞራል። ናይት ሲደርሰኝ ሰፈሩ እራት በልቶ ሊተኛ ሲል እኔ አስፋልት ዳር ቆሜ ሰርቪስ እጠብቃለሁ።

ሌሊቱን ግን አልጠላውም ነበር። አለቆቹ አብዛኞቹ ተኝተዋል። 9 ሰዓት ላይ ዓይናችን መክዳት ሲጀምር ተራ በተራ እየወጣን ሻይ እንጠጣለን። በር ላይ ያሉት ጥበቃ አባባ ከካፖርታቸው ኪስ ቆሎ ይዘግኑልኛል። «እንቅልፍ ጥርስ ሲሠራ ይሸሻል» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ችግሩ ቀኑ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ቤት እገባለሁ። ጋደም እንዳልኩ «ልዋጭ!» የሚሉት ይመጣሉ። እነሱ ሲያልፉ «ቆራሌው!» ይተካል። አከራያችን ቡና ይወቅጣሉ። ልጆች ኳሱን በሬ ላይ ይለጉታል። ማንን ትቆጫለሽ? ቀን የቀን ሰው ነው። ድምፁ ሁሉ ቆሞ ጸጥ ሲልም ሰውነቴ አይተኛም። ይደክመዋል እንጂ አይተኛም።

አዟዟሩም የተገላቢጦሽ ነበር። ከናይት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ጠዋት። ለወር ተኩል ያህል ምን እንደሚያመኝ ሳላውቅ ቆየሁ። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። የአብዛኛው ሰው የውስጥ ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ ስለዚህ ማምሸት ከመማለድ ይቀላል። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ናይት እያለ ቢዞር ይሻለን ነበር። ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኩት። «ፕሮግራሙ እኔ ሳልመጣ የወጣ ነው» አለኝ። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ አለቀ።

ሰው ከቀረ ደግሞ ደብል አለ። 8 ሰዓት ሠርተሽ ተተኪሽ ካልመጣ ሌላ 8። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ መደበኛውን በሳምንት 48 ሰዓት ያደርገዋል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም ይላል። እኛ ግን ደብሉን እንሻማበት ነበር! ከምሽቱ 4 በኋላ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በዚያ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ደብል ሠርቼ 64 ሰዓት የሞላሁበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ እንደሚጨምር ሲያወጡ፣ አሮጌ የደመወዝ ወረቀቶቼን አውጥቼ ቆጠርኩ። መቁጠሬ ምን እንደሚጠቅመኝ እንጃ።

ፋብሪካውን ያስለቀቀኝ ግን የጤና ነገር አይደለም። ለቅሶ ነው።

ጎረቤታችን አረፉ። መጀመሪያ ቤቱን ስከራይ ፍራሼን ከመኪና አውርደው በጀርባቸው ያስገቡልኝ ሰውዬ ናቸው። ከናይት ስገባ ድንኳን ሲተከል አየሁ። ቀብሩ 6 ሰዓት ነው ተባልኩ። ነጠላዬን ወንበር ላይ አዘጋጅቼ «ለአንድ ሰዓት ብቻ ጋደም ልበል» አልኩ።

ስነቃ 10 ሰዓት ሆኗል። ጋቢውን ገለጥ ሳደርግ ሰው ተመልሶ ንፍሮ እየበላ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁና ባለቤታቸው እግር ስር ተቀመጥኩ። ምንም ማለት አልቻልኩም። እሳቸው ናቸው ያጽናኑኝ። «አንቺማ የሌሊት ሰው ነሽ፣ ምን ታደርጊ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ሰርቪሱ ሲመጣ በድንኳኑ ጎን አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

አሁን መንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ። በሳምንት 39 ሰዓት። ጠዋት 2:30 አሻራ፣ ማታ 11:30 አሻራ። ደመወዙ ከፋብሪካው ከነደብሉ ያንሳል። ወገቤን ያመኛል። አንዳንድ ቀን ሥራ አይኖርም፤ ግን ከወንበር መነሳት ያስገምታል። አለቃችን ካልወጣ ማንም ቦርሳውን አያነሳም። አንድም ጠርሙስ ሳላነሳ ደክሞኝ የምገባበት ቀን ብዙ ነው፤ ያንን ድካም ለማንም ማስረዳት አልችልም። አርብ ግን ከ5:30 እስከ 7:30 ለጁምዓ እንወጣለን። እኔ በዚያ ሰዓት ለቅሶ እደርሳለሁ፣ የታመመ እጠይቃለሁ። እዳ እንደሚከፍል ሰው ነው የምዞረው።

ወንድሜ ደግሞ ከቤት ነው የሚሠራው። ደንበኞቹ ካሊፎርኒያ ናቸው። እነሱ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሉ እኛ ጋ ምሽት 1 ነው፤ በክረምታቸው 2። እናታችን በደወለች ቁጥር «ሥራ የሚሄደው መቼ ነው?» ትለኛለች። ክፍያው ከእኔ ይበልጣል፣ ሰርቪስ አይጠብቅም፣ ጭቃ አይረግጥም። እኔን ግን ከፋብሪካው ይልቅ የእሱ ያሳስበኛል። 9 ሰዓት ሌሊት ላይ ቆሎ የሚዘግንለት የለም። መብራት ሲጠፋ ብቻ ከክፍሉ ይወጣል፤ ግቢው መሀል ቆሞ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ኔትወርክ ይፈልጋል።

ይህን ስጽፍ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። ብድግ ብዬ በሩን ከፈትኩ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ በል። ሰው ተኝቷል።»

ማዳበሪያውን ከትከሻው አወረደና ሰማዩን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«በዚህ ሰዓት?»