ኒኦቪምን ለሲ ኮድ ንባብ ሳዘጋጅ ያሞኘኝ ፋይል

በሲ የተጻፈውን የሬዲስ ዳታቤዝ ሶርስ ኮድ ለማንበብ ከኤዲተር የሚፈለገው ነገር ትንሽ ነው፦ ስሙ ላይ የቆምኩበት ፋንክሽን ወደ ተጻፈበት መስመር መዝለል፣ አይቶም ወደ ነበሩበት መመለስ። እኔ ያዘጋጀሁት ኡቡንቱ ላይ፣ ከቪም በተወለደው ኤዲተር በኒኦቪም 0.11 ነው። አብዛኛው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አንዱ እርምጃ ግን ሁለት ቀን በላብኝ፤ ጥፋቱም የራሴ ነበር።

ከታግ ጀምሩ፤ የታግ ፋይል እያንዳንዱ ስም በየትኛው ፋይል የት እንደተጻፈ የሚያሳይ ማውጫ ነው። «ኤልኤስፒ እያለ ታግ ምን ሊሠራ» የሚሉ አሉ (ኤልኤስፒ ኤዲተሩ ኮዱን ከሚተነትን ፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት ደንብ ነው)፣ አልስማማም። ታግ ኮዱ ኮምፓይል ባይደረግም ይሠራል፣ አሮጌ ላፕቶፕንም አያስጨንቅም። ማውጫውን ለመሥራት የምትጭኑት ዩኒቨርሳል ሲታግስን ነው፤ ኤግዙበራንት ሲታግስ በ2009 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.8 ወዲህ ቆሟል። ማክ ላይ ከአፕል መሣሪያዎች ጋር የሚመጣው ሲታግስ ደግሞ ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ ነው፤ ንዑስ ፎልደሮችን ሁሉ የሚያስነብበውን፣ ካፒታል አር የሚለውን ፍላግ (ከትዕዛዙ ጋር የሚጻፍ ምርጫ) አያውቀውም።

ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ሆናችሁ በካፒታል አር አስኪዱት፣ በኤክስክሉድ ፍላግ ደግሞ ዴፕስ የሚለውን ፎልደር አስወጡ። እዚያ ውስጥ ጄማሎክ፣ ሉዋና ሃይሬዲስ ስላሉ ስሞቻቸው ከሬዲስ ስሞች ጋር ይደባለቃሉ። ከዚያ ኮንትሮልን ይዞ የቀኝ ማዕዘን ቅንፍን መጫን ያስገባል፣ ኮንትሮል ቲ ይመልሳል። «ሜይን» ላይ ሆናችሁ ብትሞክሩት ግን ሰርቨሩም፣ ሬዲስ ሲኤልአዩም፣ ቤንችማርኩም የየራሳቸው ሜይን ስላላቸው ወደ አንዱ ብቻ ይወስዳችኋል። ጂን አስቀድማችሁ ያንኑ ብትጫኑ ዝርዝሩን አውጥቶ ያስመርጣል። ኒኦቪም የታግ ፋይሉን ወደ ላይ እየወጣ ይፈልጋል፤ ቪም ላይ ግን «ታግስ» በሚለው ኦፕሽን ከነጥብ፣ ስላሽና ታግስ ቀጥሎ ሴሚኮለን ካልጨመራችሁ ኤስአርሲ በሚባለው የኮዱ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ አያገኘውም።

ቀጥሎ ክላንግዲ፤ የሲ ኮድን ተንትኖ በኤልኤስፒ ለኤዲተሩ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። 0.11 ላይ ፕለጊን አያስፈልግም፤ ኮማንዱን፣ የፋይል ዓይነቱንና የፕሮጀክቱን ሥር የሚያሳየውን ፋይል በኤልኤስፒ ኮንፊግ ሰጥቶ ኢኔብል ማለት ነው። ራሙ አነስተኛ የሆነ ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ እንደሚሠራ የሚወስነውን የጄ ፍላግ 2 አድርጉት፣ አለዚያ ኢንዴክሱን ሲሠራ ማሽኑን ያንቀዋል።

አሁን ወደ ጣጣው። ክላንግዲ እያንዳንዱ ፋይል በምን ፍላግ እንደሚገነባ የሚያውቀው «ኮምፓይል ኮማንድስ» ከሚባለው የጄሰን ፋይል ነው። ፕሮጀክቱ ሲሜክ በሚባለው የግንባታ መሣሪያ የሚገነባ ቢሆን አንድ ኦፕሽን ማብራት ይበቃ ነበር። እኔ ሜክ በሚባለው ሌላ የግንባታ መሣሪያ ስለምገነባ ቤርን ተጠቀምኩ፤ ቤር ሜክ ሲሠራ የሚጠሩትን የኮምፓይለር ትዕዛዞች ጎን ቆሞ ይመዘግባል። በ3ኛው እትም ቤር፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ ሜክ ተብሎ ይጻፋል፤ በ2ኛው ሰረዙ የለም። መጀመሪያ ሳስኬደው ከመቶ በላይ ፋይሎች ተመዘገቡ፣ ሁሉም ሠራ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ሜክ ባልኩ ቁጥር በቤር በኩል እንዲያልፍ አሊያስ አደረግሁ። ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሜክ ያልተለወጠን ፋይል እንደገና አይገነባም፣ ቤርም ያልተገነባን አይመዘግብም። በዚያ ላይ አሮጌውን ፋይል ደምስሶ አዲስ ይጽፋል። አንድ መስመር ነክቼ ስገነባ ያ ሁሉ መዝገብ ወደ ጥቂት ወረደ። የሚገነባ ነገር ከሌለ ደግሞ የሚቀረው ባዶ የማዕዘን ቅንፍ ብቻ ነው።

የሚያናድደው ስህተት ነው የሚል አንድ መልእክት እንኳ አለመውጣቱ ነው። በዚያው ቀን ክላንግዲ ኢንዴክሱን በሜሞሪ ይዞት ስለነበር መዝለሉ ቀጠለ። በማግስቱ ኤዲተሩን ስከፍት ሰርቨር ነጥብ ሲ ውስጥ «አድሪፕላይ» ላይ ተጫንኩ፤ ወደ ኔትወርኪንግ ነጥብ ሲ መሄድ ሲገባው ሰርቨር ነጥብ ኤች ላይ፣ ዲክላሬሽኑ (ኮዱ ሳይኖር ፋንክሽኑ ብቻ የተጠቀሰበት መስመር) ጋ ቆመ። ኔትወርኪንግን አስቀድሜ ከከፈትኩ ይዘልላል፣ ካልከፈትኩ አይዘልልም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከጀርባ ኢንዴክስ የሚደረጉት በዚያ ጄሰን ውስጥ ስማቸው ያለ ፋይሎች ናቸው፤ የሌሉት የሚታወቁት ሲከፈቱ ብቻ ነው። ለተከፈተው ደግሞ ክላንግዲ ከሚመስለው ፋይል ፍላግ ስለሚዋስ ቀይ መስመር የለም፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። እኔ ክላንግዲን አራግፌ ጫንኩ፣ ኮንፊጉን ገለበጥኩ። «ካሹን ሰርዘው» የሚለውን የተለመደ ምክርም ሰማሁ፤ የነበረውንም አጠፋብኝ እንጂ አልፈየደም።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ጄሰኑ ውስጥ «ፋይል» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንዳለ በግሬፕ ቁጠሩ። ከዚያ ክላንግዲን በቼክ ፍላግ ፋይሉን ሰጥታችሁ ከተርሚናል አስኪዱት። ትዕዛዙን «ፍሮም ሲዲቢ» (ከዚያው ጄሰን ማለት ነው) ብሎ ካመጣው ደህና ነው። «ኢንፈርድ ፍሮም» ካለ ከሌላ ፋይል ተውሷል፣ «ፎልባክ» ካለ ጭራሽ ገምቷል። መፍትሔው አንድ ጊዜ ሜክ ዲስትክሊን፣ አንድ ጊዜ ቤር ነው። ክሊን ብቻ አይበቃም፤ ዴፕስን አይነካውም። የዕለት ተዕለት ግንባታ በባዶ ሜክ ይሁን፤ አዲስ ፋይል ሲጨመር ብቻ ቤርን በአፔንድ ፍላግ ጥሩት። ዶከር ውስጥ የምትገነቡ ደግሞ ጄሰኑ የሚይዘው የኮንቴይነሩን ፓዝ ስለሆነ ውጭ ላለው ክላንግዲ በፓዝ ማፒንግስ ፍላግ ካላስተካከላችሁለት ፋይሎቹን አያገኛቸውም።

ጂዲ የሚለውን ቁልፍ ደግሞ ለፈተና አትጠቀሙበት። ካልቀየራችሁት በቀር እሱ የጥንቱ የቪም የጽሑፍ ፍለጋ ነው፤ ክላንግዲ ሞቶም አንዳንዴ ትክክል ስለሚመስል ያታልላል። የኮንትሮሉ ቅንፍ ግን ክላንግዲ ሲያያዝ ወደ እሱ ይዞራል፣ እሱ መልስ ካጣ ወደ ታግ ፋይሉ ይወርዳል። ታግን አትጣሉ ያልኩት ለዚህም ነው።

የታግ ፋይሉን፣ ጄሰኑንና ነጥብ ካሽ ፎልደርን ጊት እንዲተዋቸው ብላችሁ የጋራው ጊትኢግኖር ውስጥ አትጻፉ፤ የራሳችሁ ጊት ፎልደር ውስጥ ኢንፎ ስር ኤክስክሉድ የሚል ፋይል አለ፣ እዚያ ጻፏቸው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሰርቨር ነጥብ ሲ ውስጥ «ኮል» የሚለው ፋንክሽን ጋ ትደርሳላችሁ፤ የደንበኛውን ትዕዛዝ የሚያስፈጽመው «ፕሮክ» በሚባል የፋንክሽን ፖይንተር (የፋንክሽኑን አድራሻ በሚይዝ መስክ) ነው። እዚያ ላይ ብትጫኑ የሚያሳያችሁ የስትራክቱን መስክ እንጂ «ሴት» ሲባል የሚሠራውን ኮድ አይደለም። ከ7.0 ወዲህ ትስስሩ የተጻፈው ኤስአርሲ ስር ኮማንድስ ፎልደር ውስጥ፣ በየትዕዛዙ ጄሰን «ፋንክሽን» በሚል መስመር ነው። ሴት ነጥብ ጄሰንን ክፈቱ፣ «ሴትኮማንድ» የሚለውን ስም ኮፒ አድርጉ፣ በታግ ኮማንዱ ፈልጉት፤ ቲ አንደርስኮር ስትሪንግ ነጥብ ሲ ላይ ያሳርፋችኋል።